ሁለት ሺህ ኦም

ጨለማ አልነበረም። ሕልምም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በገዳሪፍ፣ በሁለት ዓይኔ ያየሁት ነው። ላለማመን ብዙ ሞክሬያለሁ... ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ጥቅምት 1978። ኪየቭ ሰባት ዓመት ስለ ኤሌክትሪክ ተምሬ አገሬ ገባሁ፤ ዓመት ሳልቀመጥ በመተማ በኩል ሸሽቼ ወጣሁ። ጀማሉ የሚባል ያገሬ ልጅ ነጋዴ በሰሊጥ ማበጠሪያው ቀጠረኝ። ሥራዬ ዋቡሩን መጠበቅ ነበር። ሱዳኖች ጄኔሬተሩን እንዲያ ነው የሚሉት።

አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ጎንደሬዎች ነበሩ፤ አንዳርጋቸውና አስናቀው። ለሰሊጥ አጨዳ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ለኔ "ኻዋጃው" የሚል ስም አወጡልኝ። ፈረንጁ ማለታቸው ነው።

"ኻዋጃው፣ ስትጽፍ የምትውለው ምንድን ነው?" አለኝ አንድ ቀን አስናቀው።

"ቮልቱን ለአምፔሩ ሳካፍለው፣ ዕቃው ኮረንቲውን ምን ያህል አላሳልፍ እንደሚል በኦም ይነግረኛል። ሳባዛቸው ደግሞ ጉልበቱን።"

"እንቢታ ነዋ!" ብሎ ሳቀ። "እንቢታና ጉልበት። ይኸን ለመማር ነው ሰባት ዓመት በረዶ የቆጠርከው?"

አንዳርጋቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በሩስኛ ብቻ የማውቀው ነገር ያን ቀን የአማርኛ ስም አገኘ።

ሌላው ቃል ግን...

ኪየቭ መስመር "ዝጋ" ካሉህ አገናኘው፣ ኮረንቲ ይሂድ ማለት ነው። ለአስናቀው ግን ኮረንቲ እንደ ቧንቧ ውኃ ነው። ከዘጋኸው ይቆማል።

ይህን አላሰብኩትም።

አንዳርጋቸው የተበጠሰውን ሽቦ ሊቀጥል በላብ በራሰ እጁ ይዞት ነበር። ባዶ እግሩን፣ ለአቧራው ውኃ የተረጨበት መሬት ላይ። አስናቀው ማብሪያውን አጥፍቶ አጠገቡ ቆሟል። እኔ ከውጭ ሆኜ ጮህኩ።

"አስናቀው! እንዳትዘጋው!"

"ውይ! ዘግቼዋለሁ እኮ!"

ደንግጦ... ከፈተው።

ሰው "ኮረንቲ ያዘው" ይላል። እኔ ያየሁት ግን አንዳርጋቸው ሽቦውን ይዞ አልለቅም ሲል ነው። አስናቀው ደርቆ ቀረ። ማብሪያውን እስኪመልሰው አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀ።

ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

"ማን ነው ያበራው?" አለ ጀማሉ።

"አስናቀው" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ግማሽ ነው እንጂ።

ከቀብሩ በኋላ አስናቀው እህል አልቀምስ አለ። ማታ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለና አንሾካሾከ።

"ኻዋጃው... እንዳትዘጋው ነው አይደል ያልከኝ?"

"አይደለም።"

"በእመቤታችን... እንደሱ ነው የሰማሁት።"

"ተሳስተህ ነው የሰማኸው።"

እጁን አገላብጦ ሲያየው ቆየ።

በሳምንቱ ሥራ የለም። ማበጠሪያው ቆሟል፣ አምፖሎቹን ነቅያለሁ። ዋቡሩን ብቻ አስነስቼ እየፈተሽኩ ነው። ቮልቱ 220። አምፔሩ ዜሮ መሆን አለበት።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአምፔር መለኪያው መርፌ ተነሣ።

0.11።

ከልማድ ጻፍኩት። ሳካፍል፣ ሁለት ሺህ ኦም። ሳባዛ፣ ሃያ አራት ዋት ከምናምን። እንዲህ ያለ ሞተር የለንም። እንዲህ ያለ አምፖልም የለንም።

ገመዱን እየተከተልኩ እስከ ጫፉ ሄድኩ። የተበጠሰው ጫፍ እንደተንጠለጠለ ነው። የነካው የለም... ከሥሩ ያለው መሬት ግን እርጥብ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ውኃ የረጨ ሰው አልነበረም።

ያኔ የኪየቭ መምህራችን ድምፅ ትዝ አለኝ። እጁ የራሰ፣ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ስንት ኦም ነው ብሎ ጠይቆን ነበር። መልሱን ያን ቀን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሁለት ሺህ።

አንድ ደቂቃ ቆይቶ መርፌው ወደቀ።

በማግስቱም ዘጠኝ ሰዓት፣ 0.11። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ነገ ለአስናቀው እነግረዋለሁ አልኩ። ቃሉ የኔ ነው፣ አንተ በትክክል ነው የሰማኸው እለዋለሁ።

ጠዋት ብሄድ መኝታው ባዶ ነው።

"ኸላስ፣ በቃ ሄደ" አለኝ ጀማሉ። "ጎሕ ሲቀድ ወደ ሀዋታ የሚሄድ ሎሪ ላይ ወጣ።"

"ምን ብሎ?"

"እጄ አላስቀምጥ አለኝ ነው ያለው። ጋቢውን እንኳ አልያዘም፣ መስኪን።"

በነገታው ሎሪ ልከተለው ቆረጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ግን ዋቡሩን አጠፋሁት። ነዳጁን ዘጋሁ። ግቢው ጭር አለ። መርፌው ሞቶ ሲውል ላየው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ልተነፍስ።

ዘጠኝ ሆነ።

ዋቡሩ ዝም እንዳለ ነው። ቮልቱ 220 ደረሰ።

አምፔሩ 0.11 ላይ ደረሰ... አልቆመም።

0.22።

አካፈልኩ። አንድ ሺህ። እንቢታው በግማሽ ወርዷል። ይህ የሚሆነው ሁለት እኩል እንቢታ ጎን ለጎን ሲቆም ነው።

ሁለት ሰው አንድ ሽቦ ሲይዝ።

ከጀርባዬ፣ ከማብሪያው በኩል፣ አንድ ሰው አንሾካሾከ።

"ኻዋጃው... ልዝጋው?"

የአስናቀው ድምፅ ነው። አልዞርኩም። "ዝጋው" ብል በየትኛው ቋንቋ ይሰማኛል? "አትዝጋው" ብልስ?

"በትክክል ነው የሰማኸኝ" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። "ቃሉ የኔ ነበር። አስናቀው... የኔ ነበር።"



እርሳሱን ልጥለው ፈለግሁ። ጣቶቼ አልለቅም አሉ። ጫማ አድርጌ ነበር፤ ውስጥ እግሬ ግን እርጥብ አፈር ረገጠ።

ዓይኔ ሰሌዳው ላይ ነው። መርፌው ከ0.22 ተነሣ... ቀስ እያለ ወደ 0.33 መሄድ ጀመረ።