ሳይፈረም የቀረው እርቅ

ሬሳው የተገኘው በጅምሩ ሕንፃ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሟቹ ተቋራጭ ከባለሕንፃው ጋር በግንባታው ውል አምስት ዓመት ሙሉ ሲካሰስ ኖሮ፣ በዚያው ጠዋት እርቅ ሊፈርም ነበር። አምስት ዓመት! ሁለቱ አዛውንቶች ጎረምሳ እንኳ በሚያፍርበት እልህ ተይዘው ሕንፃውን የርግብ መኖሪያ አደረጉት።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ባለሕንፃውን በካቴና አስረውታል። ትናንት ከሰዓት በስልክ «እገድልሃለሁ» ሲል ተሰምቷል፤ ከዚህ ወዲያ ማሰብ ለእነሱ ድካም ነው።

«ምን አስቆጣዎት?» አለችው።

«ምሰሶዎቹ ተፈትሸው ይሰጡኝ የሚል አንቀጽ እርቁ ውስጥ አስገባሁ። እሱ ደግሞ መጀመሪያ እኔ ራሴ ካላየሁ አልፈርምም አለ። መዘግየቱ አናዶኝ ጮህኩ እንጂ ሰው አልገደልኩም!»

የሟቹ ጠበቃ ክራቫቱን እያስተካከለ ጣልቃ ገባ። «እኔ እርቁን አልደገፍኩም። ክሱን እናሸንፍ ነበር።»

«በስንት ዓመት?»

ጠበቃው የቀጠሮ ደብተሩን ገለጠ። ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ መሄድ የለመደ ሰው ነው።

ሬሳውን ያገኘው የሟቹ የእህት ልጅ፣ የሳይቱ መሐንዲስ፣ ዓይኑን ይጠራርጋል። «ጋሼን ፍለጋ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብቻዬን መጣሁ። የተቆለፈውን የግቢ በር ከፍቼ ስገባ ጉድጓዱ ውስጥ አየሁት። ወዲያው ደወልኩ። ፎቅ አልወጣሁም።»

መርማሪዋ ግን ወጣች። ሥራ ከቆመበት ዓመታት ባስቆጠረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ምሰሶ ጆንያ ለብሶ ቆሟል። ከጆንያው ውሃ ይንጠባጠባል። ገለጥ ስታደርገው ትኩስ ልስን አገኘች። ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«ልስን ከተለሰነ በኋላ ምን ይደረጋል?»

«ቀለም ይቀባል» አለ ባለሕንፃው።

«እንዲደርቅ ይተዋል» አለ ጠበቃው።

«ጉድ ነው!» አለች መርማሪዋ። «ስለማታውቁት ነገር ነው አምስት ዓመት የተካሰሳችሁት? ልስን ውሃ ይጠጣል። እርጥብ ጆንያ ለብሶ ጠዋት ማታ ካልተረጨ ይሰነጠቃል።»

መሐንዲሱ ምሰሶውን ሳያይ መለሰ። «ይሄንን ማንም ግንበኛ ያውቃል።»

«ያውቃል። ግን ትናንት የተረጨ ጆንያ እስካሁን አይንጠባጠብም። ዛሬ ጠዋት በሩን የከፈትከው አንተ ነህ፤ ብቻህን ነበርክ። ከደወልክ ወዲህ ግቢውን ፖሊስ ይጠብቀዋል። ታዲያ ማን ረጨው?»

በምልክቷ አንድ ፖሊስ ልስኑን በመዶሻ መታው። ረገፈ። ወፍራም ብረት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ቀጫጭን ዘንጎች ብቅ አሉ።

«አጎትህ ትናንት ማታ ምሰሶውን በመሮ ከፍቶ ይሄንን አየ። ደህናውን ብረት ሸጠህ ይሄንን እንደቀበርክ ገባው። በእርቁ ፍተሻ ጉድህ ሊወጣ ነው፤ ወደ ጉድጓዱ ገፋኸው። ከዚያ ቀዳዳውን ለሰንክ። ዛሬም አጎትህ ታች ወድቆ ሳለ አንተ መጀመሪያ ውሃ ይዘህ እዚህ ወጣህ። ለሥጋህ ያልራራህ ለልስን ራራህ!»

ባለሕንፃው ካቴናው ሲፈታለት እጁን እንኳ አላሻሸም። «አምስት ዓመት ሌባ እያልኩ ሰደብኩት» አለ። «የበሰበሰ ሕንፃ አላስረክብም ብሎ ሞተ።»

ካቴናው መሐንዲሱ እጅ ላይ ተቆለፈ። ያን ጊዜ ብቻ እውነተኛ እንባ መጣለት።

«ለእናቴ ማን ይነግርልኛል? ሌላ ወንድም የላትም።»

«አንተ» አለች መርማሪዋ። «መንገዳችን በእሷ በር ነው።»