ከምድር ቤቱ ወለል ሥር

ዳርካ ቀኑን ሙሉ ከዋለችበት ቤተ ክርስቲያን ማታ ተመልሳ የምድር ቤቱን መብራት ስታበራ ባሏ ኦረስት ጉድጓዱ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ለአዲሱ መታጠቢያ ቤት ራሱ የቆፈረው ጉድጓድ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ከሥር የሚመነጨው ውሃ ጉድጓዱን አፉ ድረስ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈስስ ነበር። ጩኸቷን ራሷ አልሰማችውም።

በማግስቱ የዊኒፔግ ፖሊስ መርማሪዋን ሎሬን ቦድሪን ላከ። ኦረስት በግንባሩ ተደፍቶ ቢገኝም የተመታው ማጅራቱን ነበር። ዳርካ ደረጃው ላይ ቀረች። ታች፣ ከቦድሪና ከረዳቷ ፖሊስ ሌላ፣ የቆሙት ወንዶች ሁለት ናቸው፤ ላይኛው ፎቅ የሚኖረው የባሏ ታላቅ ወንድም ታራስና ቧንቧ ሠራተኛው ቫልዲማር። ከሁለቱ አንዱ፣ አለች በልቧ።

«አቶ ቫልዲማር፣» አለች ቦድሪ፣ «ትናንት ሲሄዱ ውሃውን ከጉድጓዱ የሚያወጣው ፓምፕ ይሠራ ነበር?»

«እንዴታ! ጠዋት ነው የሄድኩት፤ የእህቴን ልጅ ክርስትና ልናነሣ። ፓምፑ እስከሠራ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አይዘልም። ምነው እንዲህ ያዩኛል? እኔ የምቀብረው ቧንቧ ነው።»

«እርስዎስ፣ አቶ ታራስ?»

«ቤት ዋልኩ። አመሻሽ ላይ የሆኪ ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ጎረቤት ሄድኩ። ስወጣ ኦረስት ደህና ነበር፣ ፓምፑም ይጮህ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ የዳርካን ጩኸት ሰማን።»

ቦድሪ ተንበርክካ የፓምፑን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀለች።

«እንጠብቅ።»

የፓምፑ ድምፅ ተቋረጠ። ጥቁሩ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ሽቅብ ይመጣል። ዳርካ የደረጃውን እጀታ ጨምድዳ ያዘች። አንድ የሆኪ ጨዋታ የሚፈጀውን ያህል ቆሙ፤ ውሃው ገና ግማሽ አልደረሰም።

«ትናንት ግን ሞልቶ ፈስሶ ነበር» አለች ቦድሪ። «እንግዲያው ፓምፑ የተነቀለው እርስዎ ጎረቤት ከመሄድዎ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ያኔ እዚህ ቤት የነበራችሁት ሁለት ወንድማማቾች ብቻ ናችሁ። ሲወጡ የሰሙት የትኛውን ፓምፕ ነው?»

ቦድሪ ወደ ምድር ቤቱ ጥግ ዞረች።

«ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሰመረውን ይህን ክብ በእግሩ የፈገፈገው ማነው?»

«እኔ ያሰመርኩት ክብ ነው» አለ ቫልዲማር። «ውሃው የሚሰበሰበው እዚያ ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ነው። ጉድጓዱን ወደዚያ እናዛውረው አልኩት፤ ኦረስትም እሺ አለ።»

«ታራስ ግን...» አለች ዳርካ። «ያንን ጥግ እንዳትነኩ ብሎ ጮኸበት።»

«አንቺ፣ አፍሽን ዝጊ!»

ዳርካ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቦድሪ በመካከላቸው ቆመች።

«ወይዘሮ ዳርካ፣ ይህ ወለል በሲሚንቶ የተለሰነው መቼ ነው?»

«ታራስ ነው የለሰነው። ሚስቱ ስላቭካ ጥላው ቫንኩቨር የሄደች ሰሞን...»

አፏን በእጇ ያዘች።

«ኦረስት ያንን ጥግ ቢቆፍር ስላቭካን ያገኛታል» አለችው ቦድሪ ታራስን ዝግ ባለ ድምፅ። «ስለዚህ ከኋላ መቱት። ሰመጠ እንዲባልም ፓምፑን ነቅለው፣ ውሃው ከፍ እስኪል ቆይተው ጎረቤት ሄዱ።»

ፖሊሱ ዶማውን አነሣ። ከጥጉ ስንጥቅ ውሃ ማንባት ጀምሮ ነበር። ታራስ ውሃውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በጉልበቱ ወደቀ።

«ፓምፑን አብሩት» አለ። «እባካችሁ አብሩት። ስላቭካ ውሃ ትፈራለች።»

ቫልዲማር ገመዱን ሰካ።