ለሙከራ የተገጠመው አክስል

የጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ ዋና ሜካኒክ ደረቱ በአክስል፣ ጎማ በሚሸከመው የብረት ዘንግ፣ ተጨፍልቆ ከከባዱ ተሳቢ ሥር ሲገኝ የምሳ ሰዓት ገና አላለቀም ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ወጥቶ ሸራ ለብሷል። ሸራውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። በሥራዋ ብዙ ሞት አይታለች፤ እንዲህ ያለው ግን ደሟን ያፈላዋል።

ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የተሳቢው ሾፌርና በያጁ።

«አደጋ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ሳይጠየቅ። «ለከባዱ ጭነት ተጨማሪ አክስል እያማረጥን ነበር። ይኼኛውን ሻጩ ጠዋት ለሙከራ ገጥሞልን ሄደ። በአየር ነው የሚነሳው። አየሩ ሾልኮ ወረደበት፤ በቃ።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ። ከጠዋት ወዲህ አጠገቡም አልደረስኩ።»

በያጁ ላብ በላብ ሆኗል። «ትናንት ተጣልተን ነበር» አለ። «ብየዳህ አይረባም ብሎ አስፈረሰኝ። በግኜ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።»

ሾፌሩ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። «እሱ አዲስ ይገዛ ነበር የሚለው» አለ። «ይኼ አሮጌ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ የመጣ። እኔና በያጁ አብረን ለምሳ ስንወጣ "ቀለሙን ፍቄ ጉዱን ሳላይ አልለቀውም፤ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር የምትሞተው አንተ ነህ" አለኝ።»

«ስታገኙት አክስሉን ማን አነሳው?»

«እኛ ጃክ ፍለጋ ስንሯሯጥ ሥራ አስኪያጁ ከጎን ትንሽ ክዳን ከፍተው እጀታ ሲስቡ አክስሉ ተነሳ። እኛ እጀታ እንዳለውም አናውቅም።»

መርማሪዋ ተሳቢው ሥር በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች። አክስሉ ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ እዚያው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ዙሪያው በጠመኔ ተከቦ ኖሮ አንድ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎታል። ወጥታ ያየችውን ለማንም ሳትናገር ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አየር ሾልኮ ነው ተባለ። አስከሬኑን ለማውጣት የተነሳው አክስል ይኸው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተሰቀለ ነው፤ ጣት ያህል እንኳ አልወረደም። ስለዚህ አየሩን የለቀቀው ሰው ነው። እጀታውን የሚያውቀው ደግሞ ከመሃላችሁ አንድ ብቻ ነው።»

«ሻጩ ስላሳየኝ ነፍሰ ገዳይ ልባል ነው?» ሥራ አስኪያጁ ጮኸ።

«ሟቹ ይህን አክስል አልቀበልም ያለው ለምን ይመስልዎታል?»

«ግትር ስለሆነ ነዋ! ፀጉር ለምታህል ስንጥቅ ብሎ ጭነቴን ሊያስቀርብኝ!»



«ስለ ስንጥቅ ማን አወራ?» አለች፤ አንቱታውን እርግፍ አድርጋ ትታዋለች። «ስንጥቁ ቀለም ሥር ነበር፤ እሱ ፍቆ ያገኘው እነዚህ ለምሳ ከወጡ በኋላ ነው። ከጠዋት ወዲህ አጠገቡ ያልደረስከው ሰው በምን አየኸው? ጠርቶ አሳየህ። ይለፍ ብትለው እምቢ አለህ። ተመልሶ ሥሩ ሲገባ እጀታውን ገፍተህ አየሩን ለቀቅክበት፤ ከዚያ ጠመኔውን ጠረግክ!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ግቢው በር አፈገፈገ። ሾፌሩ ሊያንቀው ሲንደረደር በያጁ ወገቡን ይዞ አስቀረው። «ልቀቀኝ! እኔን ለማትረፍ የገባ ሰው ነው!» እያለ ታገለ። ፖሊሶቹ ሥራ አስኪያጁን በካቴና አስረው ሲወስዱት ሾፌሩ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እህቴ እስካሁን አልሰማችም» አለ። «ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

መርማሪዋ ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

«ብቻ አደጋ ነው እንዳትላት» አለችው። «ና፣ እኔም አብሬህ እገባለሁ።»