የተዘቀዘቁት አውራ ዶሮዎች

ሟቹ በነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተሸፍኖ ከመስኮቱ ሥር ተጋድሟል። የሽንኩርት ሾርባው ሽታ ከወጥ ቤት መምጣቱን አላቆመም፤ የሚበላ ግን አልነበረም። በፈረንሳይ ወግ የሚያበስለው፣ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ያለውና የሠራተኛ ኪስ የማይጎዳው ይህ ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት እንዲህ ጭር ብሎ አያውቅም።

ባልደረቦቿ «እትዬ ጆሮ» የሚሏት መርማሪ ገብታ በልቧ አጭር ጸሎት አደረሰች። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ከላዩ አንድም ዕቃ አልተነሳም።

«መርዙ ሟቹ ፊት ባለው ሳህን፣ በሰናፍጩ መረቅ ውስጥ ነው» አላት ሐኪሙ። «የሌሎቹ ንጹሕ ነው።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሟቹ፣ ከጎኑ ሚስቱ፣ ፊት ለፊቱ ታናሽ ወንድሙ። ፖሊሱ ግን አስተናጋጇን ክንዷን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ሳህኑን ያመጣችው እሷ፤ ሌላ ማን ይሆናል?» አለ።

«እትዬ፣ የአራት ወር ልጅ ቤት ጥዬ ነው የመጣሁት» አለች አስተናጋጇ። «ዛሬ ከታሰርኩ ማን ያጠባልኛል?»

«ልቀቃት ወንድሜ። ክንፍ የላትም፣ አትበርም።»

መርማሪዋ ከሚስቲቱ አጠገብ ተቀመጠች።

«እጄን ልታጠብ ተነስቼ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ስመለስ መብላት ጀምረዋል።»

«ወንድማማቾቹ ተጣልተው ነበር?»

«ጠብ እንኳ የለም። ግን ወንድሙ በመኪና ሰው ገጭቶ የሸሸ ቀን፣ ባለቤቴ ‹ቤት ከእኔ ጋር ነበር› ብሎ መስክሮለታል። ሐሰት ነው። እንቅልፍ ነሳው። ‹ዛሬ ከምሳ በኋላ ፍርድ ቤት ገብቼ፣ እውነቱን ተናግሬ ልረፍ› አለን ጠዋት።»

መርማሪዋ ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ሳህኑን የነካ ሰው አይተዋል?»

«ማንም አልነካውም። እንዳስቀመጠችው ነው የበላው።»

«የእርስዎንስ?»

«የእኔንም።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አየች። በየጠርዛቸው ትንሽ ሰማያዊ አውራ ዶሮ ተስሏል።

«ስታስቀምጪ እንዴት አድርገሽ ነው?»

«የዶሮው ራስ ወደ ጠረጴዛው መሃል፣ እግሩ ወደ በይው» አለች አስተናጋጇ። «በሁሉም ቅርንጫፍ ሕጉ ይሄ ነው። አንዱ ከተዛባ ተቆጣጣሪያችን ቁም ስቅል ያሳየናል።»

መርማሪዋ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባ ንጹሕ ሳህን አስመጣች።

«የእህታችን ዶሮ በእግሩ ቆሟል። የሟቹና የወንድምየው ግን በአናታቸው ተተክለዋል። እዩ» አለችና ሳህኑን ሳታዞር ወደ ማዶ ገፋችው። ዶሮው ተዘቀዘቀ። «ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ሳህን ተለዋውጠዋል። መርዙ ያለበት ሳህን መጀመሪያ የነበረው እርስዎ ዘንድ ነው። በገዛ ምግቡ ላይ እጁን የሚዘረጋን ሰው ማን ልብ ይለዋል?»

«ታዲያ እኔን ሊገድሉ አስበው ይሆናላ» አለ ወንድምየው።

«እንደዚያ ቢሆን ‹የታሰበው ለእኔ ነው› ብለው ቀድመው የሚጮኹት እርስዎ ነበሩ። እርስዎ ግን ማንም አልነካውም አሉኝ። መለዋወጡን የሚደብቀው፣ ለምን እንደተለዋወጠ የሚያውቅ ብቻ ነው።»

ወንድምየው ወደ መስኮቱ ሥር ተመለከተ።

«ልጆች ሆነን ትልቁን ቁራጭ ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ‹የእኔ ይበልጣል፣ የመስጠት ተራው የእኔ ነው› ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ። መርቆኝ ነው የተቀበለኝ።»

ሚስቲቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፖሊሱ ወደ ወንድምየው ሄደ።

«ሂጂ፣ ልጅሽ ይርበዋል» አለቻት መርማሪዋ።

አስተናጋጇ ሽርጧን ፈታች። ስታልፍ እጇ ሳታስበው ተዘርግቶ የተገፋውን ንጹሕ ሳህን አዞረ። ዶሮው በእግሩ ቆመ።