የዳሱ ሙሽራ

ሙሉሰው በጎንደር አስጎብኚነት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው ነበር። በየዓመቱ በጥር ወር ከተማዋ የቅርስ ሳምንቷን ስታከብር፣ ቀን ቀን እንግዶችን ከግንብ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየመራ ያስጎበኛል፤ ሲመሽ ደግሞ በትልቁ ዳስ ውስጥ ማይክራፎን ጨብጦ የባህል ምሽቱን ይመራል።

አንድ ዓመት የበዓሉ ኮሚቴ አዲስ ነገር አሰበ። «ዘፈንና እስክስታማ የትም አለ፤ የገጠሩን ሰርግ እንዳለ እናሳይ» ተባለ። ተዋናይ ሳይሆን የባላገር ሰው፣ የባላገር በቅሎ፣ የባላገር ሽማግሌ። ሰዎቹን ፈልጎ ማምጣት የሙሉሰው ሥራ ሆነ። እሱም ከፀዳ በላይ ካለ መንደር አያ በላቸው የሚባሉ ገበሬ አገኘ። አያ በላቸው ነገሩን በጥሞና ሰምተው፣

«ሙሽሪት የእኔ ልጅ ትሁን» አሉ። «ሙሽራውንም ሚዜውንም እኔው አመጣለሁ። አንተን ምን አደከመህ?»

ሙሉሰው ሸክሙ ስለቀለለለት ደስ አለው እንጂ፣ ሰውዬው ምነው እንዲህ ቸኮሉ ብሎ አልጠየቀም።

ልጅቷ ይመኙሽ ትባላለች። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሰርጉ ምሽት ከኮሚቴው በውሰት የተሰጣትን ካባ ደርባ ከዳሱ ጀርባ ቆማ ሳለ፣ ሙሉሰው ሁሉም ነገር መሰናዳቱን ለማየት ብቅ አለ። ይሄኔ እጅጌውን ይዛ ጎተተችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም። የእውነት ነው የሚድሩኝ። ሰውየው የአይከል ማዶ ሰው ነው፤ ዛሬውኑ ይዞኝ ሊሄድ ነው። እባክዎ ለመምህሬ ይንገሩልኝ።»

ሙሉሰው ወደ ዳሱ ውስጥ አጮልቆ አየ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ የውጭ አገር እንግዶች ካሜራቸውን ደግነዋል፤ ሹማምንቱ ከፊት ተደርድረዋል፤ ከበሮው ተጀምሯል። መልሶ የልጅቷን ዓይን አየ። እውነቷን እንደሆነ ልቡ ነገረው።

«አይዞሽ፤ መድረክ መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ያስፈራል» አለና ጣቶቿን ከእጅጌው አላቀቀ።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሙሽራው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነበር። ሚዜዎቹ ሊያነሷት ሲሉ ይመኙሽ የዳሱን ምሰሶ ሙጭጭ ብላ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቀው አላቀቋት። «እማዬ! እማዬ ድረሽልኝ!» እያለች ስትጮህ ሕዝቡ ሳቀ። ሙሉሰው ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ክቡራን እንግዶቻችን! በአገራችን ወግ ያላለቀሰች ሙሽራ አታምርም። ይቺ ግን ዕንባውን አውቃበታለች፤ አጨብጭቡላት!»

ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ያለዕድሜ ጋብቻን እንዲከላከል የተሾመ አንድ ሰው፣ በተሻለ ለማየት ከፊት ወንበሩ ብድግ ብሎ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ይመኙሽን የጫነችው በቅሎ በዳሱ በር ወጣች፤ ጩኸቱም እየራቀ ሄደ።

በማግስቱ ካባው ሳይመለስ በመቅረቱ ሙሉሰው ደወለ።

«ሙሽራ ካባዋን አውልቃ ትሄዳለች እንዴ?» ብለው ሳቁ አያ በላቸው። «ቀበሌው ዓይኑን ጥሎብኝ በቤቴ መዳር አቅቶኝ ነበር። እናንተ ዳስ ጣላችሁልኝ፤ ሹሙም አጨበጨበልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«አያ በላቸው፣ ልጅ እኮ ናት!»

«እናቷን በስንት ዓመቷ ያገባኋት ይመስልሃል? ሴት ልጅ ቤት ከቆየች ስም ታስጠፋለች። ወጋችን ነው። አንተ ራስህ ማታ ስታወድሰው አልነበር?»

ሙሉሰው ስልኩን ዘጋ። ለኮሚቴው ሰብሳቢ ሹክ ቢለው፣ «እንግዶቹ ይሂዱ፤ ሳምንቱ ይለቅ» ተባለ። ሳምንቱ አለቀ። እንግዶቹ ሄዱ። ያን ጊዜ ደግሞ «አንዴ ሄዳለች፤ አሁን ምን ዋጋ አለው» ብሎ ራሱን አታለለ። ሰርጉ የዓመቱ ምርጥ ትርዒት ተብሎ ሲሸለም፣ የምስክር ወረቀቱን እጅ ነሥቶ የተቀበለው እሱ ነበር።

ዓመቱ ዞረና ታኅሣሥ ላይ የአዲሱ በዓል ማስታወቂያ በየግድግዳው ተለጠፈ። ኮሚቴው የመረጠው ምሰሶ አቅፋ የምታለቅሰውን የይመኙሽን ፎቶ ነበር። ሙሉሰው አዘዞ ላይ ሚኒባስ ሲጠብቅ፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ባላገር ሴት ከማስታወቂያው ፊት ቆማ የፎቶዋን ጉንጭ በመዳፏ ስትዳብስ አየ። ከመንደሩ የሚያውቃቸው የይመኙሽ እናት እናኑ ነበሩ። እሳቸውም አወቁት።

«ምነው ይቺን ለጠፋችኋት?» አሉት። «የዛሬዋን አትለጥፏትም?»

«ዛሬ ምን ሆነች?»

«ሦስት ቀን አማጠች። ጽንሱ በሆዷ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሽንቷን መቋጠር አቃታት። ባሏ ሸተተችኝ ብሎ መለሳት። አባቷም ቤት አላስገባም አለ፤ ከበረቱ ጥግ ከከብቶቹ ጋር ነበር የምትተኛ። አሁን ሐኪም ቤት አስተኝቻታለሁ፤ ነጠላዬ የዞረው ለሞተው ሳይሆን ለቀረችው ነው።»

ሙሉሰው ተከትሏቸው ሄደ። ይመኙሽ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብላለች። ፊቷ የልጅ፣ ዓይኗ የአሮጊት ሆኗል። ስታየው አልደነገጠችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን ሰምተውኝ ነበር? ከበሮው ስለሚጮህ አልሰሙኝም እያልሁ ስጽናና ከርሜያለሁ።»

ውሸት ቀላል ነበር። ከበሮው ጮኾ ነበርና አልሰማሁም ቢላት ማንም አይመሰክርበትም። ሙሉሰው አንገቱን ደፋ።

«ሰምቼሽ ነበር» አላት።

ይመኙሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበች። እናቷ በእጃቸው በሩን አሳዩት።

ሙሉሰው ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። የዳሱን ቪዲዮ አስረከበ፤ የአባትየውን፣ የባልየውንና የራሱን ስም አስመዘገበ። ኮሚቴው «የከተማዋን ገጽታ አበላሸህ» ብሎ አሰናበተው። የመንደሩ ሰውም አያ በላቸውን አሳሰረ ብሎ ሰላምታ ነፈገው። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ታሪኩን ይናገራል። ሲናገር ራሱን አይደብቅም። «ልጅቷን የዳራት አባቷ ነው፤ ያስያዛት ግን የእኔ አፍ ነው» ይላል። ይመኙሽ አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ ሁለተኛው ይቀራታል። ይቅርታ ሊጠይቃት ሁለት ጊዜ ቢሄድም፣ ሁለቱንም ጊዜ ልታየው አልፈቀደችም።

ወገኖቼ፣ ግንቡን የሠሩልን አባቶች ቢያኮሩን ይገባቸዋል። ነገር ግን የአባት የሆነ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ መቅበር ያለብንም አለ። ወግ ነው ተብሎ ሕፃን ስታለቅስ ብታዩ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ ለምን እንደምታለቅስ ጠይቋት። ከነገረቻችሁ ደግሞ እመኗት፤ በዚያችው ሰዓት፣ ገና በቅሎዋ ላይ ሳትወጣ።