የጠርሙሱ ውሃና ሁለቱ መኪኖች

ጉዞው የተበላሸው ገና ሳይጀመር፣ በምንጣፍ ምክንያት ነው።

ጎህ ሲቀድ ሁለት መኪኖች በመኪና መሸጫው ግቢ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ትልቁ ጥቁር የቅንጦት ኤስዩቪ ነው፤ ወንበሩ ቆዳ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የማይሰማ። ትንሿ ደግሞ በየመንገዱ የምትታይ ተራ ኤስዩቪ ናት፤ ወንበሯ ጨርቅ፣ በሯ ጠበቅ አድርገው ካልገፉት የማይገጥም። ሹፌሩ ጭቃ የደረቀበትን አካፋ ይዞ ወደ ትልቁ ሲጠጋ፣ ሻጩ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ምንጣፉ ክሬም ነው» አለ። «አካፋው ያችኛዋ ላይ ይሁን።»

አካፋው ትንሿ ላይ ተጫነ። የውሃ ጀሪካኖቹ፣ ገመዱ፣ ክሪኩ፣ ሳንቃዎቹና መጠባበቂያ ነዳጁም ተራ በተራ ተከተሉት። ትልቁ መኪና ስኮርታ፣ መጠባበቂያ ጎማ እንኳ አልነበረውም፤ በምትኩ ጎማ ሲበሳ የሚሞላ ሙጫ በአንዲት ቆንጆ ሣጥን ተቀምጦለታል። ለፈተናው ምስክር ሆና የመጣችው አዋላጅ ይህን ሁሉ ቆማ አየች፣ አልተቃወመችም። እውነቱን ለመናገር እሷም ለምንጣፉ አዝናለታለች።

አዋላጇ ከበረሃው ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ስትሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከአራት ወር በፊት አንዲት ወላድ በአሮጌው ፒክአፕ ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ እጇ ላይ ሞተችባት። መንገዱን ሙሉ «ይፍጠኑ» እያለች ጮኻ ነበር፤ ሹፌሩ ግን አልፈጠነም። ሹፌሩ ይኸው አሁን አካፋ የጫነው ነው፤ ሰው «ኤሊው» ይለዋል። ፊት ለፊቱ የሚጠራው የለም እንጂ ስሙን ያውቀዋል። አዋላጇ ከቀብር በተመለሰች ማግስት ከሥራ እንዲሰናበት ደብዳቤ ጻፈች።

አሁን ጤና ጣቢያው አንድ መኪና ሊገዛ ነው። ኮሚቴው በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። አጀንዳው ሁለት ነው፦ የትኛው መኪና ይገዛ የሚለውና የአዋላጇ ደብዳቤ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የመኪናው በጀት ለሌላ ጣቢያ ይተላለፋል። ስለዚህ ሁለቱም መኪኖች ወላዶቹ በሚመላለሱበት በዚያው መንገድ ተፈትነው መድረስ አለባቸው፤ ምስክሯ አዋላጇ ናት። በልቧ ግን ገና ሳይነሱ ትልቁን መርጣ ጨርሳለች።

መለኪያዋ የራሷ ነበር። ክፍት ጠርሙስ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጠፈችና እስከ ምልክቱ ውሃ ሞላችው። ጠርሙሱ በየቀኑ እንደ አዲስ ተሞልቶ በመኪናው ውስጥ ይቆማል፤ ማታ ላይ የፈሰሰው በጣት ይለካል።

በመጀመሪያው ቀን ሻጩ በሚነዳው ትልቁ ውስጥ ተቀመጠች። ጠጠራማው ሜዳ ከሥር እየሸሸ ሲሄድ እሷ የምትሰማው የማቀዝቀዣውን ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ የአቧራ ማዕበል ከአድማሱ ተነስቶ መንገዱን ዋጠው። ጠጠር መስታወቱን ይገርፋል፣ ንፋሱ መኪናውን ከጎኑ ይገፋል። በመሐሉ ትልቁ መኪና ጩኸት ጀመረ፤ አቧራውን ግድግዳ ነው ብሎ በራሱ ፍሬን ያዘ። ትንሽ ሄደ፣ ደግሞ ያዘ።

«ጥንቃቄ ነው» አለ ሻጩ፣ ስክሪኑን እየነካካ። «ሰው ሳያይ እሱ ያያል።»

«ምን አየ?»

«ምንም።»

ማጥፊያውን እስኪያገኘው ሩብ ሰዓት ፈጀ። ትንሿ ከኋላ መብራቷን አብርታ ዝም ብላ ጠበቀች። ማታ አዋላጇ ጠርሙሱን አወጣች፤ የፈሰሰው ሁለት ጣት ብቻ ነው። በአምቡላንስ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ደስ አላት፣ ደስታዋንም አልደበቀችም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ትንሿ ተዛወረች። የፈተናው ደንብ ሁለቱም እኩል ይንዱ ስለሚል፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከፊት የሚነዳው ሻጩ ነበር። ትልቁ ሸለቆውን እየተንሳፈፈ ሲያልፍ ትንሿ ከኋላው እየዘለለች ተከተለችው። ጀሪካኖቹ ይጋጫሉ፣ አካፋው ይንቋቋል፣ የአዋላጇ ጥርስ ከጥርሷ ይማታል። ሹፌሩ ከንፈሩን ነክሶ መሪውን ይዟል።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ወረደ፤ ሱሪውን ሰብስቦ በበትር እየለካ ተሻገረ፣ ተመለሰ። አዞ ዳር ላይ ተኝቶ አፉን ከፍቷል፤ ሹፌሩ እሱንም እንደ ድንጋይ በሩቁ ዞረው። ሻጩ አልወረደም። አንድ ቁልፍ ነካ፣ ትልቁ መኪና ከጎማው ላይ ብድግ አለ፣ ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ። ትንሿም የተለካላትን መንገድ ይዛ ወጣች። ማታ ጠርሙሱ ሲለካ ግማሽ ሆኗል። አዋላጇ ለሹፌሩ አሳየችው።

«ይኸው» አለች።

«አየሁት» አለ።

በሦስተኛው ቀን ጥቅጥቅ ባለው ደን ውስጥ ሳሉ ዝሆኖች መንገዱን ዘጉት። ሰባት ነበሩ፤ ሁለቱ ግልገሎች። አዋላጇ ያን ቀንም ትንሿ ውስጥ ናት። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፣ እጁን ከመሪው አነሳ።

«እስኪያልፉ ነው» አለ።

«ስንት ሰዓት?»

«እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»

ከፊት የቆመው ሻጩ ሃያ ደቂቃ ታገሠ። ከዚያ ጥሩምባውን ነፋ። እናቲቱ ዝሆን ጆሮዋን ዘረጋች፣ ዞረች፣ ምድሩን እየደቃች መጣች። እዚህ ላይ ለትልቁ መኪና እውነቱ ይነገርለት፤ ያ ጉልበት ባይኖር ኖሮ ሻጩ ዛሬ አይኖርም። ሞተሩ አገሳ፣ መኪናው ቁጥቋጦውን ጥሶ ከዝሆኗ ኩምቢ ሥር አመለጠ፣ በአቧራ ተሸፍኖ ጠፋ። ዝሆኗ ጥቂት አባረረችው፣ ተወችው። መንጋው ደኑን ይዞ ሲርቅ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ።

ከደኑ ሲወጡ የሙጫዋ ሣጥን ባዶዋን መንገድ ላይ ወድቃ አገኟት። ጎማው ተበስቷል፣ ሻጩ ሞልቶት ቀጥሏል ማለት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ መንገዱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ የጨው ሜዳውን ይዞራል። የትልቁ ጎማ ዱካ ግን አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ ወደ ነጩ ሜዳ ገብቷል።

«ስክሪኑ በዚህ አቋርጥ ብሎት ነው» አለ ሹፌሩ። «ቀድሞ መድረስ ፈልጓል። ከላይ ቅርፊት ነው፣ ከታች ጭቃ። እዚያ የገባ ከባድ መኪና አይወጣም።»

አዋላጇ ስልኳን አየች፤ ኔትወርክ የለም። ሰዓቱ ሦስት ነው።

«ብንዞር?»

«ለስድስት እንደርሳለን።»

«ብንከተለውስ?»

«አንደርስም።»

በጀቱን አሰበች፣ በጭቃ መሐል የምታምጥ የሚቀጥለዋን ሴት አሰበች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ ጀሪካኖቹን አየች። ሁሉም እዚህ ናቸው። አካፋው፣ ገመዱ፣ ውሃው፤ ሻጩ ጋ ያለው ምንጣፍ ብቻ ነው።

«እንከተለው» አለች።

ሹፌሩ እንዳይሰምጡ ጎማዎቹን በጥቂቱ አስተነፈሰ። «ደብዳቤሽም ይዘገያል» አለ ጎንበስ እንዳለ።

አዋላጇ ፊቷ ጋለ። «ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ፖስታውን ለኮሚቴው ያደረስኩት እኔ ነኝ እኮ። ሌላ ሹፌር አለን እንዴ?»

ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው የገዛ ራሱን ስንብት በገዛ እጁ አድርሶ፣ አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርሽ ሲስተር» ሲላት ኖሯል።

ትንሿ በጨው ሜዳው ላይ እየዳኸች ገባች። ሹፌሩ በየመቶ እርምጃው ይወርዳል፣ ቅርፊቱን በአካፋ ይኮረኩራል፣ ጠቆር ያለውን እየሸሸ በነጩ ላይ ይነዳል። ቀላል መሆኗ እዚህ ጠቀማት። ትልቁን ያገኙት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እስከ ሆዱ ሰምጧል፣ አራቱም ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ናቸው። ሻጩ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ ሞተሩን ሲያስጮህ ነዳጁን ጨርሷል። በመኪናው ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ የነበሩትን ሦስት ጠርሙሶች ጠጥቷል። ከዚያ በሮቹን ከፍቶ በኮፈኑ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ቆዳው ደርቋል፣ ላብ አቁሟል፣ የሚያወራውም ለሌለ ሰው ነው።

አዋላጇ ልብሱን ከፈተች፣ ውሃ አፈሰሰችበት፣ በማንኪያ አጠጣችው። ሹፌሩ የኋላውን ወንበር አጠፈ፣ ሳንቃውን አስተካከለ። ከዚያ ወደ ትልቁ መኪና ሄደና ምንጣፎቹን እየነቀለ አመጣቸው። ክሬሙን ምንጣፍ ከሕመምተኛው ሥር አነጠፈለት። በእውነት ለስላሳ ነበር።

«መኪናውን አንጎትተውም?» አለች።

«ብንሞክር ሰምጠን ሁለት እንሆናለን።»

ትተውት ሄዱ። አዋላጇ ከኋላ ተቀምጣ የሻጩን ራስ ጭኗ ላይ ይዛለች። የደም ሥሩ ከጣቷ ሥር ይሮጣል፣ ይጠፋል። ሰዓቷን አየች። ያው የድሮው ቃል ከአፏ ወጣ።

«ይፍጠኑ ጋሼ!»

ሹፌሩ አልፈጠነም። ከጨው ሜዳው ወጥተው ጠጠሩ መሐል ሲገቡ ግን ትንሽ ጨመረ። መኪናዋ ነጠረች፣ ሻጩ አቃሰተ፣ ዓይኑ ተገለበጠ። ሹፌሩ ወዲያው ቀነሰ፤ ትንፋሹ ተመለሰ።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ስጨምር ትጮኻለች። ስቀንስ ትተነፍሳለች። አንቺ ሰዓትሽን ነበር የምታዪው፣ እኔ የእሷን ድምፅ ነበር የምሰማው።»

ወላዷ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣችው ምጥ በያዛት በሁለተኛው ቀን እንደነበር አዋላጇ ታውቃለች። ደሟ ፒክአፑ ከመነሳቱ በፊት አልቆ እንደነበርም ታውቃለች፤ መዝገቡ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት። የጎደላት የሚወቀስ ሰው ነበር፤ ኤሊው ደግሞ ቅርብ ነበር። እንባዋ ወረደ፣ ለመጥረግ የሚሆን እጅ አልነበራትም።

ድንጋያማው ቁልቁለት ከፊታቸው መጣ። ሰዓቷን ፈታ ኪሷ ከተተችው።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ» አለች።

ዐሥር ሰዓት ላይ ደረሱ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ሞተሩን አስነስቶ ሊሄድ ነበር፤ ተሸክመውት የሚያስገቡትን ሰው ሲያይ አጠፋው። አባላቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁ፣ ምክንያቱም አዋላጇ ጉሉኮስ ስትሰካ ማንም ደፍሮ አያናግራትም። ሻጩ ዓይኑ ጠራ፣ የት እንዳለ ጠየቀ፣ ውሃ ለመነ። ይተርፋል።

«ሰዓቱ አልፏል» አለ ሊቀመንበሩ። «ግን ውሳኔው የዛሬን ቀን እስከያዘ ድረስ ልጽፈው እችላለሁ። የትኛው?»

አዋላጇ ወደ ትንሿ ሄደች። ጠዋት ከልምዷ የተነሳ ሞልታው የረሳችው ጠርሙስ ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ቆሟል። አነሳችው። የፈሰሰው አንድ ጣት ነው።

ሁለት ጊዜ ለካችው። ከዚያ ይዛው ገባች።

«ትንሿን» አለች።

«ትልቁ ጥሩ መኪና ነው» አለ ሻጩ ከአልጋው ላይ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ። ሥራው ነው፣ አይፈረድበትም።

«ጥሩ ነው» አለች። «ከዝሆን አድኖሃል። እኔም ብተኛበት ደስ ይለኛል። ግን አካፋ የማንጭንበትን መኪና እዚህ ምን እናደርገዋለን?»

ሊቀመንበሩ ጻፈ፣ ወረቀቱን ገለበጠ። «ሁለተኛው አጀንዳ የሹፌሩ ጉዳይ ነው። ደብዳቤሽ አለ።»

«መልሱልኝ። በቃለ ጉባኤም ይጻፍልኝ። ያን ቀን ሹፌሩ አላጠፋም። ሴትየዋ ከመነሳታችን በፊት ከእጃችን ወጥታ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው የጻፍኩበት።»

ሊቀመንበሩ የተናገረችውን ቃል በቃል አሰፈረው።

ሹፌሩ ግቢው ውስጥ አካፋውን እያጠበ ነበር። አዋላጇ አጠገቡ ሄዳ ቆመች። ደብዳቤውን በአንድ እጇ፣ ጠርሙሱን በሌላው ይዛለች። ጠርሙሱን ሰጠችው፤ ጠጣ።

«የትኛውን መረጥሽ?» አለ።

«እርስዎ የሚነዱትን።»

ሹፌሩ ደብዳቤውን አየ፣ እሷን አየ። አካፋውን በጨርቅ አደረቀ፣ ወደ ትንሿ ወስዶ በቦታው አስቀመጠ፣ በሩን ጠበቅ አድርጎ ገፍቶ ዘጋ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ ቀስ ብሎ ነው፣ እሱ ሁሉን ነገር እንደዚያ ነው የሚያደርገው።