የእማ ወርዲት እሳት

የኢልማራ ሕዝብ እሳቱን የተዘረፈው በእልልታ ነው። ዘራፊው አጥር ጥሶ አልገባም፤ በጠራራ ፀሐይ አደባባይ ቆሞ «አምጡ» አለ፣ ሕዝቡም አመጣለት። በዚያው ጠዋት ከከርሳን ተራራ ጫፍ አረንጓዴ ጭስ ሲወጣ ታይቶ ነበር። ግን ሁሉም ደስ ብሎት ስለነበረ ምልክቱን ልብ ያለ አልተገኘም።

በኢልማራ የየቤቱ እሳት የየራሱ ቀለም ነበረው፤ የአንዱ ወይን ጠጅ፣ የሌላው ብርቱካን፣ የሌላው ወተት የመሰለ ነጭ። መጀመሪያ በለኮሰችው ሴት ስም ይጠራል፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ቢጠፋ እንኳ ከጎረቤት በገል ተጭሮ የመጣ ፍም በቤቱ ጉልቻ መካከል ሲያርፍ የቀድሞውን ቀለም መልሶ ይይዛል። ስለዚህ «እሳት ልጭር መጣሁ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ በአገሩ ትልቁ ነውር ነበር።

እሳቱን የሰበሰበው ዘንዱር ይባላል፤ የድንጋይ ፈላጭ ልጅ ነው። በንጉሥ አርዳሞስ ዘመን መሬቱ የመሳፍንቱ፣ ረኃቡ የጭሰኛው ነበር። በድርቁ ዓመት ዘንዱር ድንጋይ ፈላጮቹን አስከትሎ የንጉሡን ጎተራ በመዶሻ ሰበረና እህሉን ለሕዝቡ አከፋፈለ። ንጉሡ የሴት ቀሚስ ለብሶ ሸሸ ይባላል፤ እውነት ይሁን ውሸት እንጃ፣ ብቻ ሲወራ ደስ ይል ነበር። ሐቁን እንናገር ከተባለ የመጀመሪያው ጊዜ መልካም ነበር። አራሹ ያረሰውን መሬት አገኘ፤ ለጌታ መሬት ስሞ እጅ መንሳት ቀረ፤ ሰው ሁሉ «ጓድ» ተባባለ።

የሸክላ ሠሪው ልጅ ናርዳ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበረች። ዘንዱርን ከልቧ አመነችው። «እኩል ከሆንን እሳታችን ስለ ምን ይለያያል? በር ያለው እሳት ሁሉ አንድ ቀን በድኃ ላይ ይዘጋል!» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እርሷም ይህን ሰምታ አለቀሰች። የቤታቸውን ብርቱካን እሳት በገል ይዛ፣ እየዘፈነች ወደ አደባባይ የወሰደችው ራሷ ናት።

እሳቶቹ በአንድ ጉድጓድ ሲቀላቀሉ ቀለማቸው ጠፍቶ አመድማ ሆኑ። ታላቁ እሳት ተባለ። ከዚያ ወዲያ በቤት ውስጥ እሳት ማንደድ ሕዝብን መክዳት ሆነ። በየሰፈሩ የጭስ ጠባቂዎች ተሾሙ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ጣሪያ ሲያይ ይውል ጀመር። ምግቡ ከጋራ ድስት፣ ሙቀቱ በተራ ሆነ፤ ያጨበጨበ ወደ እሳቱ ይጠጋል፣ ያጉረመረመ ወደ ኋላ ይገፋል። ሸክላ ያለ እሳት አይሆንምና የናርዳ አባት ተደብቆ ሲተኩስ ጭሱ ታየበት። ድንጋይ ሊፈልጥ ተወስዶ በዚያው ቀረ። እናቷም ስለ ባሏ ስላለቀሰች ከሙቀቱ ተራ ተሰረዘች፤ ክረምቱ ሲገባ ሳሉ ጸናባት።

አንድ ጠዋት የታላቁን እሳት አመድ የሚጠርገው ሽማግሌ፣ የቀድሞው የንጉሥ ወታደር በርዞ፣ ወደ ቤታቸው ጎራ አለ። የእናቷን ሳል ጥቂት አዳመጠና ናርዳን ወደ ጓሮ ጠራት።

«ልጄ፣ ያልተሰበሰበ አንድ እሳት አለ» አላት። «ከርሳን ጫፍ ላይ ነው። እዚያ የደበቅሁት እኔ ነኝ።»

«የማን እሳት ነው፣ አባ በርዞ?»

«የእማ ወርዲት። የዘንዱር እናት።»

ናርዳ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሽማግሌው መሬት መሬት እያየ ነገራት። የዘንዱር አባት ለንጉሡ ግንብ ድንጋይ አልፈልጥም ባለ ጊዜ ምድጃው እንዲጠፋ ታዘዘ፤ ውኃውን ያፈሰሰው በርዞ ነበር። የመጨረሻዋ ፍም ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልታዘዝ አለውና ደበቃት። ለዚያ ቤት ፍም የሰጠ ይሞታል የሚል አዋጅ ስለ ወጣ፣ ትንሹ ዘንዱር ገል ይዞ የመንደሩን በር ሁሉ ቢያንኳኳ የከፈተለት አልነበረም። እናቱ በዚያው ክረምት በብርድ ሞተች።

«የእኛስ በር?» አለች ናርዳ።

«የእናንተም። አባትሽ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ፈራ። እኔም ፍሙን ሸሽጌ እያለ ለልጁ መንገር ፈራሁ።»

ናርዳ ወደ ቤት ገብታ ቀዝቃዛው ጉልቻ ላይ እጇን ጫነች። «በዚህ ምድጃ እምላለሁ! እሳቱን ሳልይዝ አልመለስም፤ እናቴም በብርድ አትሞትም!» ብላ ማለች። ከዚያም ለፍሙ መያዣ የሚሆን ማሰሮ በእጇ ሠርታ በፀሐይ አደረቀች። የምትተኩስበት እሳት ስላልነበራት ጥሬውን ሸክላ ይዛ ከበርዞ ጋር መንገድ ጀመረች።

በከርሳን ጫፍ፣ በረዶ በወረሰው ዋሻ፣ ጉርማ የተባለው ቆዳው ድንጋይ የሆነ ዘንዶ ተጠምጥሞ ተኝቷል። በመካከሉ አረንጓዴው ፍም በትንፋሹ እየተራገበ ይፋጃል። ዘንዶው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ጠብቅልኝ ብለህ ሰጠኸኝ፣ ጠበቅሁልህ» አለ በርዞን። «እኔም በእርሱ ሙቀት ኖርሁ። ከወሰድኸው ሙቀት ያለው ሌላ ነገር ተውልኝ። አለዚያ ተራራውን ንጄ ሁለታችሁንም እቀብራለሁ።»

በርዞ ጋቢውን አውልቆ ናርዳ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። «ሙቀት ያለው ነገር እኔ አለሁ» አለ።

«አይሆንም አባ በርዞ!»

«ይሆናል። ውኃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ስሸሸው ኖሬያለሁ። ስሚኝ ልጄ፦ ቤትሽ ወስደሽ ብታነጂው ጭሱ ይታያል፤ እናትሽን ለአንድ ቀን አሙቀሽ ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ። ለባለቤቱ አድርሽው።»

ፍሙን አንሥቶ በማሰሮዋ ውስጥ ካኖረላት በኋላ በባዶው ቦታ ተቀመጠ። ጉርማ ቀስ ብሎ ተጠመጠመበት። ናርዳ እያለቀሰች ቁልቁለቱን ወረደች፤ ዞራ ለማየት አልደፈረችም።

ጥሬው ማሰሮ እስከ አደባባዩ በር ድረስ ታገሣት። እዚያ ስትደርስ ተሰነጠቀ። ሸክላ ሠሪ ናትና ምን እንደምታጣ ታውቃለች፤ ፍሙ ከጭቃው ላይ ሊወድቅ ሲል ግን በሁለት መዳፏ ቀለበችው። ጮኸች፣ አልለቀቀችውም። በጣቶቿ መካከል አረንጓዴ ብርሃን እየፈሰሰ ሕዝቡን ሰንጥቃ ሄደች።

ዘንዱር በመድረኩ ላይ ሆኖ ስለ እኩልነት እየተናገረ ነበር። ጠባቂዎቹ ጦራቸውን ሲቀስሩባት እጁን አንሥቶ አስቆማቸው።

«ምን ይዘሻል?» አላት። ቀለሙን ግን አይቶታል፤ ድምፁ ያን የጥንቱን መንቀጥቀጥ ተንቀጠቀጠ።

«የእማ ወርዲትን እሳት» አለች። «በልጅነትዎ በራችንን ሲያንኳኩ አባቴ አልከፈተም። ዘግይተናል፤ ግን ይኸው አመጣሁልዎት።»

ከመድረኩ ወረደ። የራስ ቁሩን አውልቆ ፍሙን በውስጡ ተቀበለ። የአገሩ ሕግ፣ ራሱ ያወጣው ሕግ፣ ማንኛውም እሳት ወደ ታላቁ እሳት ይጣል ይላል። ጓዶቹም ሕዝቡም ጠበቁት። ዘንዱር ወደ ጉድጓዱ እጁን ዘረጋ፣ መለሰው። እንደገና ዘረጋ። ከዚያ የራስ ቁሩን ደረቱ ላይ አስጠጋና አንገቱን ደፋ።

ከወደ ኋላ፣ ብርዱ ከሚበረታበት ረድፍ፣ አንዲት ሴት «የእኔስ?» አለች።

ጮክ ብላ አልተናገረችም። ግን በአደባባዩ ያልሰማት አልነበረም፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሴቲቱ ከናርዳ ማሰሮ ስባሪ አንዱን አንሥታ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ሌላዋ ተከተለቻት። ጠባቂዎቹ ወደ ዘንዱር ቢያዩ ዘንዱር አላያቸውም፤ ጥቂት ቆይቶ ከእነርሱም አንዱ ጦሩን ጥሎ የእናቱን እሳት ሊጭር ገባ። ያን ቀን ማታ የኢልማራ ጣሪያዎች ጨሱ፤ በየበሩ ወይን ጠጅና ብርቱካን፣ ነጭና ሰማያዊ ታየ።

ለናርዳ እናት እሳት የወሰደችላት አንዲት ጎረቤት ነበረች፤ እናቲቱም ተረፈች። የናርዳ ጣቶች ግን ዳግም ሸክላ አልዳሰሱም። መሬቱን ለመሳፍንት እንመልስ ያለ አልተገኘም፤ እርሷም ይህን ስታስብ ዘንዱርን ሙሉ ለሙሉ መጥላት ያቅታት ነበር። አባቷንና በርዞን ስታስብ ደግሞ ዘንዱርን ሙሉ ለሙሉ ይቅር ማለት ያቅታታል። ዘንዱር የእናቱን እሳት ይዞ በድንጋይ ፈላጮቹ መንደር አንዲት ጣሪያዋ የሚያፈስ ጎጆ ገብቷል አሉ።

በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ሲከፋ የመንደሩ በሮች ተራ በተራ ሲንኳኩ ተሰማ። የተከፈተ አልነበረም። በመጨረሻ የናርዳ በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

«እሳቴ ጠፋ» አለ ያ የምታውቀው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ። «እሳት ልጭር መጣሁ።»

እናቷ ከምድጃው ዳር ቀና ብላ አየቻት። ናርዳ አባቷን አሰበች። መዳፎቿን አየች። ከውጭ ዝናቡ ገል ሲመታ ይሰማል። ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ከዚያ መቀርቀሪያውን በክርኗ ገፋችው።

«ይግቡ» አለችው። «ራስዎ ይጫሩ፤ እኔ እጅ የለኝም።»